የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ

በብዙ የገጠር ቀበሌ ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት አለ። ቀበሌው ስሙ ቢለወጥም ሽማግሌዎቹ ዛሬም «የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ» ይሉታል።

ነገሩ የሚጀምረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር እንዲደራጁ አዘዘ። ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ነበረው፤ ሸንጎ ደግሞ ክረምት ከበጋ በዛፍ ጥላ ሥር አይቀመጥም። ቆርቆሮና ሚስማሩ በመዋጮ ሲገዛ፣ እንጨቱ፣ ጭዱና ጉልበቱ ከነዋሪው ወጣ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው እዚያ ነው። ብሔራዊ ውትድርና በመጣ ጊዜም ልጆቻቸውን እዚያው በር ላይ የሸኙ እናቶች አሉ፤ ስለ አዳራሹ ሲወራ ይህም አብሮ መነገር አለበት።

ቤቱን የሚጥለው ዝናብ ብቻ አይደለም። በጭድ የቦካ ጭቃ በማገር ላይ ተመርጎ በወጉ ከተለሰነና ልስኑ በየጊዜው ከታደሰ ብዙ ዓመት ይቆያል። ችግሩ ከሥር ነው፦ መሬት ውስጥ የተቀበረውን የባሕር ዛፍ ቋሚ ምስጥ ይበላዋል። አናጢዎች እግሩን በእሳት ይለበልቡታል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ይቀቡታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜ ይጨምርለታል እንጂ አያድነውም። ግድግዳው ከላይ ደህና መስሎ ሳለ ቋሚው ከግርጌው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ያኔ ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ስለዚህ በድንጋይ መሠረት ላይ በብሎኬት መሥራቱ ተገቢ ነው፤ ለአሮጌው ጭቃ አልከራከርም። የምከራከረው ለአሠራሩ ነው። አዲሱን አዳራሽ በቢሮ ክፍሎች ከፋፍሎ ለስብሰባ ጠባብ ጥግ መተው ነዋሪውን ቤት አልባ ማድረግ ነው። ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት፣ ሠርግ የሚደገስበት፣ የእርዳታ እህል የሚታደልበት ሰፊ ወለል ያስፈልጋል፤ ድንኳን የሚተከልበት ግቢም እንዲሁ። ኮርኒስ ደግሞ ጌጥ አይደለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ባዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ የተናጋሪው ድምፅ ከፊት ወንበር አያልፍም፤ ስብሰባው እስኪያባራ ይቆማል።

ቦታ ካለ አዲሱ ከአሮጌው ጎን ቢሠራ ይሻላል፤ የእድሩ ወንበርና ድስት ሜዳ ላይ አይወድቅም። ከአሮጌው የተነቀለው ደህና ቆርቆሮም ለማብሰያ ቤቱ ጣሪያ ይበቃል።