የ“ኤምደን” ኒሻንና የጂዳ በረሃ

በጀርመን መሳፍንት የትውልድ መዝገብ ውስጥ ልዑል ፍራንዝ ዮሴፍ ዘሆሄንዞለርን-ኤምደን የሚል ስም ይገኛል። በስማቸው መጨረሻ ላይ የተቀጠለው “ኤምደን” የርስታቸው መጠሪያ ሳይሆን ያገለገሉባት የጦር መርከብ ስም ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተፈጸመው የዚያች መርከብ ታሪክ ደግሞ በከፊል የጂዳና የመካ ታሪክ ነው።

ልዑሉ እ.ኤ.አ. በ1891 የተወለዱ ሲሆን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ በ“ኤምደን” ላይ የቶርፒዶ መኮንን ነበሩ። መርከቢቱ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ በርካታ የንግድ መርከቦችን ከማረከችና ካሰጠመች በኋላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1914 በኮኮስ ደሴቶች አጠገብ “ሲድኒ” በተባለችው የአውስትራሊያ መርከብ ተመትታ ከጥቅም ውጭ ሆነች። ከ130 በላይ መርከበኞች ሞቱ። ልዑሉና አዛዣቸው ካፒቴን ካርል ፎን ሙለር ተማርከው ወደ ማልታ ደሴት ተወሰዱ።

ክብሩ የመጣው ከሽንፈት በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም “የብረት መስቀል” የተባለውን የጦር ሜዳይ ለመርከቢቱ ራሷ ሸለሙ። በስሟ የተሠሩት ተከታይ መርከቦችም ይህንኑ ምልክት በግንባራቸው ላይ ይዘው ተጓዙ። ካፒቴኑ በ1918 “ፑር ለ ሜሪት” የተሰኘውን የፕሩሺያ ከፍተኛ የጦር ኒሻን ተቀበሉ። ከሞት የተረፉት ሰዎች ደግሞ የመርከቢቱን ስም በቤተሰባቸው ስም ላይ እንዲጨምሩ ተፈቀደላቸው፤ የልዑሉም መጠሪያ የተገኘው ከዚህ ነው። አሸናፊዎቹም በበኩላቸው በ“ኤምደን” ላይ ከተገኙት የሜክሲኮ የብር ሳንቲሞች ለ“ሲድኒ” መርከበኞች መታሰቢያ ሜዳይ አሠሩ።

ይሁንና ውጊያው በተጀመረበት ሰዓት ሃምሳ ያህል ጀርመናውያን በደሴቲቱ ላይ ነበሩ። የእንግሊዝን የቴሌግራፍ ጣቢያ ለማፍረስ ወርደው ሳለ መርከባቸው ጥላቸው ሄደች። አለቃቸው ሄልሙት ፎን ሙከ በወደቡ ያገኙትን አሮጌ ባለሸራ መርከብ ይዘው ተነሡ። የመርከቧ ስም “ዓኢሻ” ነበር። በኋላም ወደ ሌላ መርከብ ተዛውረው፣ በጃንዋሪ 1915 በዑስማኒያ መንግሥት ሥር ወደነበረችው ወደ የመኗ ሑደይዳ ደረሱ።

ከሑደይዳ ወደ ሰሜን የሚወስደውን ባሕር የእንግሊዝ መርከቦች ይጠብቁት ስለነበር ጉዞው እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። ለቀይ ባሕር ሰው እንግዳ ባልሆነው ሳምቡክ የባሕሩን ዳር እየታከኩ ተጓዙ፤ ከዚያም በግመል ወደ ጂዳ አቀኑ። በኤፕሪል 1915 መጀመሪያ፣ ከከተማይቱ የአንድ ቀን መንገድ ያህል ሲቀራቸው፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጧቸው ታጣቂ በደዊዎች ከበቧቸው። የግመል ኮርቻና ጭነት በአሸዋው ላይ ከምረው መከላከያ ሠሩ። ውሃቸው እየተመናመነ፣ ቀኑ እንደ እሳት እየጋለ ለሦስት ቀናት ተዋጉ። ሦስት ጀርመናውያን ሞቱ።

ከበባውን የሰበረው ከመካ የመጣ ኃይል ነበር። የመካው አሚር የሸሪፍ ሑሴን ኢብን ዓሊ ልጅ፣ በኋላ የዮርዳኖስ ንጉሥ የሆኑት ዐብደላህ፣ ግመለኞቻቸውን አስከትለው ደረሱ። የተረፉትም በሰላም ጂዳ ገቡ። ከዚያ እንደገና በሳምቡክ ወደ ሰሜን ቀዘፉ፤ ከአል-ወጅህ እስከ አል-ዑላ በግመል ሄዱ፤ በሒጃዝ የባቡር ሐዲድ ተሳፍረውም በግንቦት ወር ኢስታንቡል ደረሱ።

በዚያው ዓመት ሱልጣን መሕመድ ረሻድ አዲስ የጦር ሜዳይ አቋቁመው ነበር። ቀይ ባለአምስት ጫፍ ኮከብ ሆኖ በመካከሉ የሱልጣኑ ቱግራና 1333 የሚል ዓመተ ሂጅራ ተቀርጾበታል። ለዑስማኒያ ወታደሮች ብቻ ሳይሆን ለጀርመን መኮንኖችም ተሰጠ፤ ጀርመናውያኑም “የብረት ጨረቃ” ብለው ጠሩት። ዓመት ብዙም ሳያልፍ፣ በጁን 1916፣ ሸሪፍ ሑሴን በዑስማኒያ መንግሥት ላይ ከመካ ተነሡ፤ የራሳቸውንም የነህዳ ኒሻን አቋቋሙ። ትናንት በአንድ ወገን የተቆጠሩ ሰዎች በማግስቱ በተቃራኒ ሜዳ፣ የተለያየ ኒሻን በደረታቸው አንጠልጥለው ተያዩ።

በዚህ ሁሉ የሽልማት መዝገብ ውስጥ መንገድ የመሩት፣ ግመል የጫኑትና የውሃ ጉድጓዱን ያሳዩት የሒጃዝ ሰዎች ስም እምብዛም አይገኝም። መኮንኖቹ ሜዳያቸውን ለማየት የበቁት ግን ያለ እነዚህ ሰዎች እርዳታ አልነበረም። በጥም ለሚሞት ሰው ውሃ ማድረስ በየትኛውም ቤተ መንግሥት ኒሻን አልተቀረጸለትም፤ ዋጋው ከሌላ ዘንድ የሚጠበቅ ነው።

ከበባውን በአለቅነት ያሳለፉት ፎን ሙከ ራሳቸው በኋለኛው ዘመናቸው ጦርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ሆኑ። በናዚ አገዛዝ ዘመን ታሰሩ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም አገራቸው እንደገና እንዳትታጠቅ ተከራክረው በ1957 አረፉ። ልዑል ፍራንዝ ዮሴፍ በ1964 ሲሞቱ የመርከቢቱን ስም እንደያዙ ነበር። ሦስቱ መርከበኞች ግን ከአገራቸው ርቀው፣ በጂዳ አካባቢ አሸዋ ሥር ቀርተዋል።