የፊንጫ ሐይቅና በዙሪያው ያለው ገበሬ

ወለጋ የወንዝ አገር ነው። ዴዴሳ፣ አንገርና ፊንጫ ውኃቸውን ሰብስበው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ሆሮ ጉዱሩ ደጋ የወጣ መንገደኛ ሰፊ ውኃ ተንጣሎ ያያል። ይህ ውኃ የፊንጫ ሐይቅ ነው። ተፈጥሮ ያስቀመጠው ሳይሆን ሰው በግድብ ያቆመው ነው። ስለዚህ ሐይቅ ማወቅ የሚገባው መሐንዲሱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው የሚያርሰውና ከብት የሚያረባው ገበሬ ከሁሉ ይበልጥ ሊያውቀው ይገባል። የሐይቁ ዕድሜና የማሳው ዕድሜ የተያያዙ ናቸውና።

ሐይቁ እንዴት ተገኘ

ዛሬ ውኃ የተኛበት ቦታ ቀድሞ የፊንጫና የጮመን ረግረግ ይባል ነበር። በክረምት ውኃ ይቋጥራል፤ በበጋ ዳር ዳሩ ሲጠፍፍ ለምለም ሣር ያወጣል። የየመንደሩ ከብት ኮረብታው ሲደርቅ ወደዚያ እየወረደ ይግጥ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 የፊንጫ ወንዝ ተገደበና ውኃው በሜዳው ላይ ተጠራቀመ። በ1987 ደግሞ የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ እንዲጨመርበት በመደረጉ ሐይቁ እየሰፋ ሄደና ከ200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሸፈነ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በጎረቤቱ በነሼ ወንዝ ላይ ሌላ ግድብ ተሠርቷል።

ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ አለው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። በሰሜን በኩል ግን መሬቱ በድንገት ተቈርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ውኃው በቧንቧ ተይዞ በዚህ ገደል ሲወረወር መዘውሩን ያዞራል፤ የፊንጫ ጣቢያ የማመንጨት አቅምም 134 ሜጋዋት ደርሷል። ያው ውኃ በቆላው የሸንኮራ አገዳ በመስኖ ያጠጣል፤ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካም የቆመው በዚሁ ውኃ ነው።

ገበሬው ያጣውና ያገኘው

ነገሩን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ውኃው የሸፈነው ረግረጉን ብቻ አልነበረም፤ ሰፊ የግጦሽ መሬትና የእህል ማሳም አብሮ ሰጥሟል። መሬቱን ያጣው ገበሬ የሚሄድበት ስላልነበረው ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ወጥቶ መነጠረ። መብራቱ ወደ ከተማና ወደ ፋብሪካ ሲሄድ፣ በሐይቁ ዳር ያለ ብዙ ቤተ ሰብ ለብዙ ዓመታት በኩራዝ አምሽቷል።

ያገኘውም አለ። በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ ይረባል፤ ዓሣ ማጥመድም ለወጣቶች የገቢ ምንጭ ሆኗል። በበጋ ለከብት የሚሆን ውኃ አይጠፋም። ክረምቱ አልፎ እሬቻ ሲከበር ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ሣርና ውኃ የዚህ አገር ሰው የኑሮ መሠረት ስለ መሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ከብት፣ ማሳና ሐይቅ

የሆሮ ከብትና የሆሮ በግ በስማቸው የታወቁ ዝርያዎች ናቸው። የአገሩ ገበሬ ከብቱን የሚያረባው ለወተትና ለእርሻ በሬ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ ዳላ የሚባለውን በረት በማሳው ላይ ይሠራና ከብቱን ሌሊት ያሳድርበታል፤ ጥቂት ሌሊት ካደሩ በኋላ በረቱን ነቅሎ ወደ ቀጣዩ ቦታ ያዛውራል። በዚህ ዓይነት ማሳው ሁሉ ፋንድያና ሽንት አግኝቶ ይፋፋል። ይህ አባቶች ያወጡት ጥሩ ዘዴ ነው።

የግጦሹ መሬት ሲጠብ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሣር ካነሰ ከብት ይቀንሳል፤ ከብት ከቀነሰ ፍግ ያንሳል፤ ፍግ ያጣ ማሳ ምርቱ ይወርዳል። ምርቱ የወረደበት ገበሬ ጉድለቱን ለመሙላት ተጨማሪ ዳገት ያርሳል። የታረሰው ዳገት አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል፤ ጎርፉም አፈሩን ወስዶ በሐይቁ ወለል ላይ ያስተኛዋል። ደለል በገባ መጠን ሐይቁ የሚይዘው ውኃ ይቀንሳል። እንግዲህ ከዳገቱ የሚወርደው አፈር ገበሬውንም ሐይቁንም አንድ ላይ ይጎዳል።

አፈሩ ምን ያህል ነው

ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ጎርፍ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ብቻ ጠረገ እንበል። ይህ በዓይን አይታይም። በሒሳብ ግን 10 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ቢመዘን ወደ 120 ኩንታል ይደርሳል። ለአንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ቢጫን 240 አህዮች ያስፈልጋሉ። የሚጠረገውም ከሁሉ የተሻለው፣ ፍጉና ማዳበሪያው ያለበት የላይኛው አፈር ነው። በማሳው ላይ 240 አህያ ጭኖ ሲወጣ ዝም ብሎ የሚያይ ገበሬ የለም፤ ጎርፉ ግን በየክረምቱ ይህንኑ ይሠራል።

ምን ማድረግ ይገባል

1ኛ፤ ዳገት ሲታረስ የመጨረሻው እርሻ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን። ትርፍ ውኃ የሚያወጣው ፈሰስም በጣም ቁልቁል ከሆነ ቦይ ይሆናል፤ ስለዚህ ዝቅታው ለዘብ ያለ ሆኖ ሣር ወዳለበት ቦታ ይውጣ።

2ኛ፤ የአፈር እርከን ሲሠራ በላዩ ላይ ዝሆኔ ሣር ወይም ቬቲቨር ይተከል። ሥሩ እርከኑን ይይዛል። ዝሆኔ ሣሩ እየታጨደ ለከብት ሲሰጥ፣ በውኃ ከተወሰደው ግጦሽ ጥቂቱን ይተካል። አዲስ በተተከለ እርከን ላይ ከብት አይለቀቅ።

3ኛ፤ ቦይ መፍጠር የጀመረ ጎርፍ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጥልቀቱ ጉልበት ሳይደርስ በድንጋይና በእንጨት ክትር ይገታ። ከራስ በላይ ከጠለቀ በኋላ አንድ ቤተ ሰብ አይችለውም፤ ደቦ መጥራት ያስፈልጋል።

4ኛ፤ በሐይቁ ዳር ሰፊ የሣር ቀበቶ ሳይታረስ ይቅር። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚገኘው መሬት ያጓጓል፤ ሆኖም የታረሰው ለስላሳ አፈር በክረምት በቀጥታ ወደ ውኃው ይገባል። ሣሩ ግን ከላይ የመጣውን አፈር አጣርቶ ያስቀራል።

5ኛ፤ ረግረግ ዳር የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ያገኘዋል። ትሉ የዕድገቱን ከፊል የሚፈጽመው በረግረግ በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ በሣሩ ላይ ይጣበቅና ከብቱ ሲግጥ ይገባበታል። ከብቱ ቢከሳ፣ የዓይኑ ውስጥ ቢነጣና መንጋጋው ሥር ቢያብጥ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። መድኃኒቱም በሐኪሙ ምክር በጊዜው ይሰጥ። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው የሣር ምንጣፍ ከብት ሊያሰጥም ስለሚችል እረኞች ይጠንቀቁ።

ለልማት ሠራተኞች

የልማት ሠራተኛ ስለ እርከን ለመናገር ወደ ሐይቁ ዳር ሲሄድ አስቀድሞ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። የሚያነጋግራቸው ሽማግሌዎች ለአገር መብራት ሲባል ሜዳቸውን የሰጡ ናቸው። «ሐይቁ በደለል እንዳይሞላ እርከን ሥሩ» ቢላቸው፣ ሐይቁ ምን ሰጠን ብለው ቢጠይቁት ተገቢ ነው። ስለዚህ ሥራው ከገበሬው ጥቅም ይጀምር፤ መጀመሪያ የከብት መኖ፣ ቀጥሎ ፍግ፣ ከዚያም የማሳው አፈር ይታሰብ። አፈሩ በማሳው ላይ ከቀረ ሐይቁ ሳይነገርለት ይጠበቃል።

እናንተ ገበሬዎችም በሚቀጥለው ዝናብ ጊዜ ከማሳችሁ የሚወጣውን ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት። በማግሥቱ ከሥሩ የተኛውን አፈር ተመልከቱ። ያ አፈር የእናንተ ነው።