አሮጌ የጃፓን ቱርቦ መኪና በካርቱም
ባለቱርቦ አሮጌ የጃፓን መኪና ካርቱም ላይ ገንዘብ የሚበላው መጀመሪያ በሙቀት ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቀኑ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ዕድሜ የጠገበው ራዲያተር ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ውሃው ይጎድላል። ሾፌሩ ሳያስተውል ሞተሩ ከጋለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ያኔ ቴስታታው መፈታቱ ነው።

ቀጥሎ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል አለ። ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ፊልትሮው በደንብ ካልገጠመም አሸዋው የቱርቦውን ምላጭ ይበላል። በፊልትሮ ዋጋ መቆጠብ ከንቱ ብልጠት ነው።

ቤንዚኑም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሱዳን ድጎማውን በ2021 እ.ኤ.አ. አንስታለች። መንገዱ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀኝ ስለሆነ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ባለቀኝ መሪ መኪና ሌላውን ለመቅደም ያስቸግራል።

ገዢ ከመዋዋሉ በፊት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ ዘይት መንሳፈፍ አለመንሳፈፉን ይመልከት።