ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ

አንዳንድ ሰው «ሀ»ን ባየ ቁጥር ቀይ ይታየዋል፤ ሌላው ደወል ሲሰማ ምላሱ ላይ ጣዕም ይመጣበታል። ሲነስቴዥያ ይሉታል፤ በሽታ አይደለም። የስልክ መተግበሪያ የሚነድፉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ለየድምፁ ቀለም ማደል ይጀምራሉ። የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። የአንዱ «ሀ» ቀይ ከሆነ የሌላው ሰማያዊ ነው፤ የአንድ ሰው ስሜት ለሕዝብ አይሰፋም። መቀዳት ያለበት ሁላችንም የምንጋራው ነው። ድምፅን ቀጭን፣ ወፍራም እንላለን፤ ስለ ጣዕመ ዜማ ስናወራ ማንም አይገረምም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቮልፍጋንግ ኮለር በ1929 እ.ኤ.አ. ሾጣጣና ድቡልቡል ቅርጽ አቅርቦ ትርጉም የለሹ ቃል «ታኬቴ» የቱ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አብዛኛው ሰው ሾጣጣውን አሳየ።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት ግን ይህን በምልክት ብራና ላይ አውለውታል። ባለፈው ጥቅምት ወደ ወንጪ ሐይቅ ወርጄ በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት ተሻገርኩ። አንድ መምህር ተማሪ ያስቀጽላሉ። ከምልክቶቹ አንዱን አንሥቼ «የኔታ፣ ርክርክ እንዴት ነው?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ጣቶቻቸውን ዘርግተው አርገበገቡ፣ ድምፃቸውም አብሮ ተርገበገበ።

ብዙ ሰው እነዚህን ምልክቶች «የኛ ኖታ» ይላቸዋል፤ ስሕተት ነው። የአውሮፓ ኖታ ድምፁ የትኛው እርከን ላይ እንደሚያርፍ ይናገራል። የኛዎቹ ድምፁን ምን እንደምናደርገው ይነግሩናል፤ ስማቸውም ከነድርጊቱ ነው። ድፋት ይደፋዋል፣ ቅናት ያነሣዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል፣ ይዘት ይይዘዋል፣ ደረት ከደረት ያወጣዋል። ጭረትና ሂደትም አሉ። ርክርክ ራሱ የነጠብጣብ ሰልፍ ነው፤ ዓይን ሲያየው ጉሮሮ ይንቀጠቀጣል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሥርዓት እንዳስያዙት ይነገራል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ምልክቶቹ ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ ስልካችን ሊጽፋቸው ይችላል ማለት ነው።

ደሴቱ ላይ ሳለሁ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። ገንዘብ ገባ? ክፍያ ተመለሰ? ባትሪ አለቀ? ለሁሉም ያው አንድ ንዝረት! ማየት ለተሳነው ሰው ይህ በር መዝጋት ነው። የተሳካ ክፍያ እንደ ቅናት ከፍ እያለ ቢነዝር፣ የተከለከለው በቁርጥ ቢያቆም፣ በመጠበቅ ላይ ያለው እንደ ይዘት ቢረጋ፣ ማን ይቸገራል?

ከደሴቱ ተመልሰን ከጀልባው ስንወርድ የቀዘፈልኝን ልጅ መዳፉን አስዘረጋሁት። የዜማ መጽሐፉን ድጓን ተምሮ አያውቅም። አንዴ ቁርጥን፣ አንዴ ርክርክን በጣቴ መታሁለትና «‹አይሆንም› የሚለው የቱ ነው?» አልኩት።

«የመጀመሪያው» አለ፣ ሳያመነታ።