በሌዘር የመቅረጫ ልኬቶች፦ ከቁጥሩ በፊት የቁሱ ጠባይ

በሌዘር መቅረጫ ማሽን አጠገብ ብዙ ጊዜ አንድ ሠንጠረዥ ተለጥፎ ይገኛል፤ ለእንጨት ይህን ያህል ኃይል፣ ለብርጭቆ ይህን ያህል ፍጥነት ይላል። ለመነሻ ይረዳል፤ ወደ ሌላ ማሽን ሲዛወር ግን ያሳስታል። «30 በመቶ» የሚለው ቁጥር ባለ40 ዋት ቱቦ ላይና ባለ100 ዋት ቱቦ ላይ አንድ አይደለም፤ የሌንሱ ትኩረት፣ የአንጸባራቂዎቹ ንጽሕናና የቱቦው ዕድሜም በቁሱ ላይ የሚያርፈውን ጨረር ይለውጣሉ።

ለማነጻጸር የሚመቸው በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ ነው። ይኸውም በዋት የተለካው ኃይል ለፍጥነቱና ለመስመሮቹ ርቀት ብዜት ሲካፈል ይገኛል። 12 ዋት የሚያደርስ ጨረር በሰከንድ 200 ሚሊሜትር ቢጓዝና መስመሮቹ በ0.1 ሚሊሜትር ቢራራቁ፣ ውጤቱ 0.6 ጁል ይሆናል። ኃይሉም ፍጥነቱም በእጥፍ ቢጨምሩ ቁጥሩ ያው ነው፤ ቅርጹ ግን ሊለይ ይችላል። ጨረሩ በአንድ ነጥብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ስለሚያጥር፣ ሙቀቱ ወደ ጎን የሚሰራጭበት ፋታ አያገኝም።

ስሌቱ ትርጉም የሚኖረው ቁሱ ጨረሩን መጥጦ ሲያስቀር ነው። የካርበን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በ10.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት ስለሚሠራ እንጨት፣ ቆዳ፣ አክሪሊክና ብርጭቆ በሚገባ ይቀበሉታል፤ ያልተቀባ አሉሚኒየምና መዳብ ግን አብዛኛውን ያንጸባርቁታል። ለብረታ ብረት በ1.06 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚሠራው ፋይበር ሌዘር ይመረጣል። በ450 ናኖሜትር ገደማ ለሚሠራው ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር ደግሞ ጥርት ያለ አክሪሊክ እንደ መስኮት ነው፤ ያሳልፈዋል።

እንጨት አይቀልጥም፤ ይከስላል። እንደ ፓይን ባሉት የዕድገት ቀለበቱ ለስላሳ ክፍል ከጠንካራው ይልቅ ጠልቆ ስለሚቃጠል፣ በአንድ ልኬት የተቀረጸ ገጽ ወጣ ገባ ይሆናል። አክሪሊክ እንደ አመራረቱ ይለያያል፤ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የረጋው ጉም የመሰለ ነጭ ገጽ ሲሰጥ፣ በግፊት ተገፍቶ የወጣው ቀልጦ ብርሃን አሳላፊ እንደሆነ ይቀራል። ብርጭቆ የሚቀረጸው በድንገተኛ ሙቀት ገጹ በረቂቁ ተሰነጣጥቆ ነው፤ እርጥብ ወረቀት መለጠፍና መስመሮቹን ማራራቅ ስብርባሪው እንዳይበዛ ያግዛሉ።

ትልቁ አደጋ ያለው ቆዳ በሚመስለው ላይ ነው። ጨረሩም ቆዳውም በገበያ አማርኛ «ሌዘር» መባላቸው አስቂኝ ግጥምጥሞሽ ነው፤ የማያስቀው በዚህ ስም ከሚሸጠው አንዳንዱ በፒቪሲ የተለበጠ ጨርቅ መሆኑ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፤ ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ሆኖ ሳንባን ይጎዳል፣ የማሽኑንም ብረት ይበላል። ለዚህ ቁስ የሚስማማ ኃይልም ፍጥነትም የለም፤ የጭስ ማውጫ መኖሩም ፈቃድ አይሆንም። ለሚያጠራጥር ቁስ ቀላል ፍተሻ አለ፦ በጭስ መሳቢያ ሥር የመዳብ ሽቦ በነበልባል አግሎ ናሙናውን ማስነካት፣ ከዚያም ሽቦውን ወደ ነበልባሉ መመለስ። ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ወይም መሰሉ ሊኖር ስለሚችል፣ ቁሱ ወደ ማሽኑ አይገባም። ከእውነተኛው ቆዳም በዕፀዋት ታኒን የለፋው ይመረጣል፤ በክሮም የለፋው ክሮሚየም ያዘለ ጭስ ሊያወጣ ይችላል።

ቁሱ ከታወቀ በኋላ ከዚያው ሰሌዳ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ ፍጥነቱን በአግድም፣ ኃይሉን በቁልቁል እየለወጡ 25 ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን መቅረጽ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ያስተምራል። ውጤቱ በጥናት ጽሑፍ ሲሰፍር በመቶኛው ፋንታ በቁሱ ላይ የተለካው ዋት፣ ፍጥነቱ፣ የመስመሮቹ ርቀትና የጨረሩ ነጥብ ስፋት ቢገለጹ፣ ሌላ ተመራማሪ በሌላ ማሽን ሊደግመው ይችላል።