በአፍንጫ ውስጥ ስለሚበቅለው ሥጋና ስለ ሰውነት ተከላካይ ኃይል

በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ገጠር አፍንጫው ለወራት የተዘጋበት፥ ግንባሩና ጉንጩ የሚከብደው፥ የወጡንም የቡናውንም ሽታ መለየት ያቃተው ሰው ሲገኝ፥ «ሳይነስ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሕመምተኛውም አንቲባዮቲክ ገዝቶ ይውጣል፤ ሳይሻለው ሲቀር ሌላ ይደግማል። ይህ ልማድ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ የበሽታውን ምንነት የሳተ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በፊታችን አጥንቶች ውስጥ ወደ አፍንጫ የሚከፈቱ፥ አየር የሞላባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ ሳይነስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስስ ሽፋናቸው ተቈጥቶ ከ12 ሳምንት በላይ ሲቈይ፥ ሕመሙ ሥር የሰደደ ይባላል። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሽፋኑ ውኃ አዝሎ ያብጥና እንደ ወይን ፍሬ የተንጠለጠለ፥ ለስላሳ፥ ሲነኩት የማያም ሥጋ ይሆናል። ሐኪሞች ፖሊፕ ይሉታል።

ይህን ሥጋ የሚያበቅለው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የራሳችን ተከላካይ ኃይል ነው። በሀብሩ ቆላ ማሽላ ሲያፈራ ወፍ ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራል። ወፉ ከሄደ በኋላም ሳያቋርጥ ቢወረውር ግን የሚረግፈው የማሽላው ራስ ነው። በአፍንጫም የሚሆነው ይህን ይመስላል። ሽፋኑ በጀርም ወይም በሌላ ነገር ሲታወክ የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ የደም ነጭ ሕዋሳትም ተጠርተው ይመጣሉ። ከእነዚህ ዋነኛው፥ ፓውል ኤርሊኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1879 እ.ኤ.አ. ኢኦሲን በተባለ ቀይ ቀለም አቅልሞ የለየው ኢኦሲኖፊል ነው። የዚህ ሕዋስ አንዱ የታወቀ ሥራ የሆድ ትላትልን መዋጋት ነው። በአፍንጫ ውስጥ ግን ትል የለም፤ ለትሉ የተዘጋጀውን መርዝ በራሳችን ሽፋን ላይ ያፈሰዋል። የቈሰለውም ሽፋን እንደ ገና ማስጠንቀቂያ ይልካል። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በዚያ ሲሰፍር በመርዙ ተከላካዩን ይበልጥ ያነሣሣዋል፤ ነገር ግን እሳቱን ያራግባል እንጂ እሳቱ እርሱ ብቻ አይደለም። አንቲባዮቲክ ብቻውን በሽታውን የማይነቅለው ስለዚህ ነው።

በቀዶ ጥገና ሥጋውን ማውጣት መተንፈሻውን ይከፍታል፤ ጠባቂውን ግን አያሳርፈውምና በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይበቅላል። በመንደር በጉጠት ማስነቀል ወይም የሚያቃጥል የቅጠል ጭማቂ ማስጨመርማ ሽፋኑን ይበልጥ ማቍሰል ነው።

የሕክምናው መሠረት ተከላካዩን ማብረድ ነው። ሐኪሙ ወደ አፍንጫ የሚነፋ ኮርቲኮስቴሮይድ ያዛል፤ ይህም በየቀኑ ለብዙ ሳምንታት መወሰድ አለበት። ብዙ ሰው በአምስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ለውጡ ግን ገና አልጀመረም። አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብም ይረዳል፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 9 ግራም፥ ይኸውም አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ያልፈላ የቧንቧ ወይም የወንዝ ውኃ አይሆንም። አፍንጫ የሚከፍተው ጠብታ ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ ከተወሰደ ራሱ መልሶ ይዘጋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ የተከላካዩን መልእክት ያግዳል፤ ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው።

ፖሊፕና አስም አብረው ያሉበት ሰው አስፕሪን፥ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ፤ በአንዳንዶች ላይ እስትንፋስ እስከ ማሳጠር የሚያደርስ ብርቱ አስም ይቀሰቅሳል። ሥጋው በአንድ ወገን ብቻ ከታየ ወይም ከደማ፥ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። በዐይን ዙሪያ እብጠት፥ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፥ ወይም ከትኵሳት ጋር ብርቱ ራስ ምታት ከመጣ ግን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል።