የሞተር መጋዝ ሰንሰለት ስንመርጥ



የሞተር መጋዝ የቀኑን ሥራ በሰዓት ይጨርሳል። ሰንሰለቱ ካልተስማማ ግን እንጨቱን ትቶ ሰውን ይቆርጣል። ታዲያ ሰንሰለት ስንገዛ ምን እንይ?

አንደኛ፣ ልኩን። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተጽፏል። ማንበብ የቻላችሁ ራሳችሁ አንብቡ፤ ለጎረቤትም አንብቡለት። ቁጥሮቹ የሚነግሩን የሰንሰለቱን አንጓ ርቀት፣ ወደ ብረቱ ቦይ የሚገባውን ጥርስ ውፍረት (ለምሳሌ 1.3 ወይም 1.5 ሚሊሜትር) እና የዚሁን ጥርስ ብዛት ነው። ሦስቱም መግጠም አለባቸው። «ይቀራረባል» ተብሎ የተገዛ ሰንሰለት ይወልቃል፣ ሊበጠስም ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሚቆርጠውን ጥርስ። ማዕዘኑ ሹል የሆነው በንጹሕ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፤ አፈር ሲነካው ግን ቶሎ ይዶለድማል። ማዕዘኑ ክብ ያለው ዘገም ቢልም ስለቱ ይቆያል። መሬት ለመሬት ለተጎተተ ወይም ለደረቀ ባሕር ዛፍ ይኸኛው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ደኅንነትን። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ፣ መጋዙ በቅጽበት ወደ ያዡ ፊትና አንገት ይዘላል። ይህን ዝላይ የሚቀንስ ሰንሰለት አለ፤ ለጀማሪ እሱ ይገዛ። ቢሆንም ጨርሶ አያስቀረውምና በጫፉ አትቁረጡ።

ደህና ሰንሰለት ፍቅፋቂ ይበትናል። እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ካወጣ ዶልድሟል። ያን ጊዜ በጉልበት አትጫኑት፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ በልኩ ሞረድ ሳሉት። ሞረድ ይገዛል፤ እጅ ግን አይገዛም።